የዝንብ ትል በበግና በጥንቸል ላይ፤ ማወቂያው፣ ሕክምናውና መከላከያው

የክረምቱ ዝናብ እየቀነሰ፣ ፀሐይም እየበረታች ስትሄድ፣ ሣሩ ለምልሞ ከብቱ በሚጠግብበት ወራት ዝንብም አብሮ ይበዛል። በዚህ ጊዜ ትናንት ከመንጋው ጋር ደኅና ሲግጥ የዋለ በግ ዛሬ ለብቻው ተለይቶ ቆሞ ይገኛል። ጭራውን ያወናጭፋል፤ በኋላ እግሩ መሬቱን ይደበድባል፤ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ወይም ጭኑን ይነክሳል። እረኛው ዝንብ ያስቸገረው መስሎት ያልፈዋል። በሦስተኛው ቀን ጠጕሩ ገለጥ ተደርጎ ሲታይ ግን ከሥሩ ያለው ቆዳ ተበልቶ፣ ትሉ እንደ ፈላ ውሃ ሲተራመስ ይገኛል። ለበዓል ገበያ ወይም ለልጆች ትምህርት ቤት ወጪ የታሰበው በግ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚጠፋው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ ጉዳት ከባድ ቢሆንም መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ገበሬው የዝንቧን አኗኗር ካወቀ፣ በየቀኑ መንጋውን ከተመለከተና በጊዜው ከደረሰ አንድም በግ ሳይሞትበት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ትሉ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚታወቅ፣ እንዴት እንደሚታከምና ከሁሉም በላይ እንዴት እንደሚከለከል በየተራው እናስረዳለን። በመጨረሻም በቤታቸው ጥንቸል ለሚያረቡ ሰዎች የሚጠቅም ምክር ጨምረናል፤ ይህ ትል ጥንቸልን ከበግ ይልቅ በፍጥነት ይገድላልና።

፩. ትሉ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ትል ከቁስሉ ወይም ከበሰበሰው ሥጋ በራሱ የሚፈጠር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትል ከዝንብ እንቁላል ይፈለፈላል እንጂ ከሥጋ አይፈጠርም። ይህንንም ፍራንቸስኮ ሬዲ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም በ1668 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በቀላል ሙከራ አረጋግጧል። ሥጋ በዕቃ ውስጥ አድርጎ አንዳንዱን ክፍት ተወው፤ አንዳንዱን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ዝንብ የገባበት ሥጋ ተላ፤ ዝንብ ያልደረሰበት ግን ቢበሰብስም አልተላም።

ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ። ዝንቧ እንቁላል እንዳትጥል ከተከለከለች ትል አይኖርም። እንቁላሉ ቢጣል እንኳ በአንድ ቀን ውስጥ ከተደረሰበት ጉዳት አይኖርም። ጉዳቱ የሚመጣው ሳንመለከት ቀኖች ሲያልፉ ነው።

የቀኖቹን ሩጫ ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰኞ ከቀትር በኋላ አንዲት ዝንብ በተቅማጥ በረጠበ የበግ ጭን ላይ ሁለት መቶ ያህል እንቁላል ጣለች እንበል። እንቁላሉ ነጣ ያለ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ሆኖ እርስ በርሱ ተጣብቆ ከጠጕሩ ሥር ይታያል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ማክሰኞ ጧት ትሎቹ ተፈልፍለው ወደ ቆዳው ይወርዳሉ። ረቡዕ ቆዳው ቀልቶ ይቆስላል። ሐሙስ ቁስሉ እየሰፋ ይሸታል፤ ሽታውም ሌሎች ዝንቦችን ስለሚጠራ በትሉ ላይ ሌላ እንቁላል ይጨመርበታል። ዓርብ ወይም ቅዳሜ የፊተኞቹ ትሎች ጠግበው ወደ መሬት ይወድቃሉ፤ በአፈር ውስጥ ገብተው ጠንካራ ቡናማ ሽፋን ለብሰው ይቆያሉ፤ ከዚያም ክንፍ አውጥተው ዝንብ ሆነው ይወጣሉ። በሞቃት ወራት ከእንቁላል እስከ ዝንብ ያለው ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው።

ከሁለት መቶው እንቁላል ሃምሳው ብቻ አድጎ ዝንብ ቢሆንና ግማሹ ሴት ቢሆን፣ ሃያ አምስት ሴት ዝንቦች እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ እንቁላል ሲጥሉ አምስት ሺህ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ በግ ላይ የተገኘን ትል ማጥፋት የመንጋውን ሁሉ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም በግ መጠበቅ ነው።

፪. ሁለት ዓይነት ዝንቦች

የመጀመሪያዎቹ ገላቸው እንደ መዳብ ወይም እንደ አረንጓዴ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ዝንቦች ናቸው። ባለሙያዎች ሉሲሊያ ይሏቸዋል። እነዚህ በጥንብ ላይም በሕያው እንስሳ ላይም እንቁላል ይጥላሉ። የሚስባቸው የረጠበና የሸተተ ጠጕር፣ በበጠጥና በሽንት የተበላሸ ቆዳ፣ እንዲሁም መግል የያዘ ቁስል ነው። ትላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው ላይ እየተንቀሳቀሰ ይበላል።

ሁለተኛዋ ክሪሶሚያ ቤዚያና የተባለችው ናት። ይህች ዝንብ በአገራችንና ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባሉት በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ትገኛለች፤ ሞቃት አካባቢም ይስማማታል። በጥንብ ላይ አትራባም፤ የምትፈልገው የሕያው እንስሳ ትኩስ ቁስል ነው። መዥገር የነከሰው ትንሽ ጭረት እንኳ ይበቃታል። እንቁላሏን ከቁስሉ ዳር ትጥላለች፤ ትሎቿም ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው እንደ ቡሎን እየጠመዘዙ ወደ ሥጋው ጠልቀው ይገባሉ። ከላይ የሚታየው የኋላ ጫፋቸው ብቻ ነው። በጎች ብቻ ሳይሆኑ ላም፣ ጥጃ፣ ግመል፣ አህያ፣ ውሻ፣ ሰውም ጭምር ይጠቃል።

ለገበሬው የሁለቱ ልዩነት እንዲህ ይጠቅመዋል። ትሉ ከላይ የሚተራመስ ከሆነ ጠጕሩን ቆርጦ ማጽዳቱ አብዛኛውን ሥራ ይፈጽማል። ትሉ ተቸንክሮ በጉድጓድ ውስጥ ከገባ ግን ከላይ ማጠብ አይበቃምና የእንስሳት ሐኪም መጠራት አለበት።

፫. ዝንብን የሚጠሩ ነገሮች

1ኛ፤ ተቅማጥ። ከዝናብ በኋላ የበቀለ ለጋ ሣር፣ እንዲሁም የሆድ ትል በጎችን ያስቀምጣቸዋል። በጭራ ሥርና በጭን መካከል ያለው ጠጕር ይበላሻል።

2ኛ፤ ረዥምና የረጠበ ጠጕር። ጠጕሩ ባና የሚሠራበት የመንዝ በግና ሌላውም ጠጕራም የደጋ በግ ዝናብ መትቶት ቶሎ ስለማይደርቅ ቆዳው ይቆስላል።

3ኛ፤ ሰው የሚያደርሰው ቁስል። በስለት የተኮላሸ በግ፣ ላቷ የተቆረጠ ሴት ግልገል፣ ለምልክት የተተለተለ ጆሮ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ቆዳ፣ መጫኛ የላጠው የአህያ ጀርባ፣ ቀንበር ያቆሰለው የበሬ ጫንቃ።

4ኛ፤ መዥገር የነቀለው ቆዳ፣ ውሻ ወይም ቀበሮ የነከሰው ሥፍራ፣ እሾህ የወጋው፣ የሸተተ ሰኮና፣ አውራ በጎች ሲዋጉ ከቀንዳቸው ሥር የሚወጣው ደም።

5ኛ፤ የተወለደ ግልገል እርጥብ እትብትና የወለደች እናት የተበላሸ የኋላ አካል።

፬. ምልክቶቹ

እረኛ የመንጋው የመጀመሪያ ሐኪም ነው። እረኛውም ብዙ ጊዜ ልጅ ስለሆነ ቀጥለው ያሉትን ምልክቶች አባት ለልጁ፣ የልማት ሠራተኛውም በትምህርት ቤት ለተማሪዎች ደጋግሞ ሊያስረዳ ይገባል።

በመጀመሪያው ቀን፤ በጉ ጭራውን ያለ ዕረፍት ያወናጭፋል፤ መሬት ይደበድባል፤ ሲግጥ ድንገት ሮጥ ብሎ ይቆማል፤ አንድ ሥፍራ ይነክሳል፤ አረንጓዴ ዝንቦች በአንድ ቦታ ላይ ይመላለሳሉ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፤ ጠጕሩ በአንድ ሥፍራ ጠቆር ብሎ የረጠበ ይመስላል፤ መጥፎ ሽታ ይመጣል፤ በጉ ከመንጋው ይለያል፤ መመገቡን ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ፤ ጠጕሩ ይነቀላል፤ ቁስሉ ይሰፋል፤ ትኩሳት ይነሣል፤ በጉ ይተኛል፤ በመጨረሻም በመርዝና በድካም ይሞታል።

ጠጕራም በግ ሲታይ ቁስሉ ከላይ አይታወቅም። ስለዚህ በዐይን ማየት ብቻ አይበቃም፤ በጉን ይዞ ጠጕሩን በእጅ ገልጦ መመልከት ያስፈልጋል።

፭. ሕክምናው ደረጃ በደረጃ

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፤ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ሳሙና፣ የፈላ ውሃና ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትሉ የሚጣልበት የፈላ ውሃ ያለበት ጣሳ፣ ለእጅ የሚሆን ጓንት ወይም ንጹሕ ፌስታል።

ደረጃ 1። በጉን ከመንጋው ለይታችሁ ጥላ ያለበት ቦታ ውሰዱት። ሲሚንቶ ወይም የተነጠፈ ላስቲክ ላይ ቢታከም የሚወድቀው ትል አይጠፋም። ያረገዘች በግ ከሆነች በኃይል አትጣሏት።

ደረጃ 2። ጠጕሩን ከቁስሉ ዙሪያ ደኅናው ቆዳ እስኪታይ ድረስ፣ ቢያንስ አራት ጣት ያህል አስፍታችሁ ቁረጡ። ትሉ ከጠጕሩ ሥር ከቁስሉ ዳር አልፎ ይሄዳልና ጠባብ አድርጎ መቁረጥ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። የተቆረጠውን ጠጕር ሰብስባችሁ አቃጥሉ።

ደረጃ 3። የሚታየውን ትል በወረንጦ እየለቀማችሁ በፈላ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ወደ መሬት የተጣለ ትል ጠግቦ ከሆነ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። ትሉ በወረንጦ ተጨፍልቆ በቁስሉ ውስጥ እንዳይቀር ተጠንቀቁ።

ደረጃ 4። በአንድ ሊትር አፍልታችሁ ባበረዳችሁት ውሃ ሁለት ትንንሽ ማንኪያ ያልተከመረ ጨው ጨምራችሁ ቁስሉን ደጋግማችሁ እጠቡ። ውሃው ሲገባ የተደበቁት ትሎች ብቅ ይላሉ፤ እነርሱንም ልቀሙ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ።

ደረጃ 5። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የተገኘ የቁስል መድኃኒት አድርጉበት፤ አዮዲን ከሆነ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ ተቀጥኖ ይታጠብበታል። በቁስሉ ዙሪያ ባለው ደኅና ቆዳ ላይ ለበግ የተፈቀደ የዝንብ መከላከያ መድኃኒት በመመሪያው ልክ ይቀባል።

ደረጃ 6። ትሉ የጠለቀ ወይም ቁስሉ ከእጅ መዳፍ የሰፋ ከሆነ በጉን ለጤና ባለሙያ አሳዩ። ባለሙያው አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ከቆዳ ሥር ሊወጋው ይችላል። የተለመደው የ1 በመቶ መድኃኒት መጠን ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። መርፌው ብቻውን ግን ቁስል ማጽዳትን አይተካም። የተወጋ በግ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳያልፍ አይታረድም፤ ወተቷ ለሰው የሚታለብ እንስሳም በዚህ መድኃኒት አትወጋም። ትኩሳት ያለው በግ ለቁስሉ ማመርቀዝና ለሕመሙ ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ይህንም የሚያዘው ባለሙያው ነው።

ደረጃ 7። በማግሥቱ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቁስሉን እንደገና ክፈቱና ተመልከቱ። እንቁላል ቀርቶ ከነበረ በማግሥቱ ትል ሆኖ ይገኛል። በጉ እስኪድን ድረስ በንጹሕና በደረቅ ቦታ ውሃና ጥሩ መኖ ይቅረብለት። የታከመው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በእጁ ላይ ቁስል ካለበት ሸፍኖ ይሥራ።

፮. ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

በቁስል ላይ ላምባ፣ ቤንዚን፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ወይም በረኪና አታፍስሱ። ትሉ ከላይ የሞተ ይመስላል፤ ሕያው ሥጋው ግን ይቃጠላል፤ ቁስሉም ይሰፋል፤ የሞተውም ትል ከውስጥ ይበሰብሳል።

ለሰብል ተባይ የተሠራ መድኃኒት፣ እንደ ማላታይንና ዲዲቲ ያለውን፣ በእንስሳ ገላ ላይ አታድርጉ። መርዙ በተከፈተ ቁስል ወደ ደም ይገባል፤ በጉን ይገድላል፤ በሥጋውና በወተቱም ወደ ሰው ይደርሳል። ለመዥገር የሚሰጠው ዲያዚኖንም ቢሆን ሳይበጠበጥ ወይም ያለ ልክ ተበጥብጦ በቁስል ላይ የሚፈስ ነገር አይደለም። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ልክ ማንበብ የማይችል ሰው የልማት ሠራተኛውን ይጠይቅ።

ቁስሉን በፍግ ወይም በአመድና በጭቃ አትድፈኑ። ቁስሉ ሲሸፈን ትሉ ከሥር ይቀራል፤ የመንጋጋ ቆልፍም ሊመጣ ይችላል።

፯. መከላከያው

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ የዝንብ ትል ከመታከም ይልቅ መከልከሉ ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል።

የዕለት ጉብኝት። በዝንብ ወራት ጧት በጎቹ ከበረት ሲወጡ፣ ማታም ሲገቡ በበሩ ላይ ቆማችሁ አንድ በአንድ አሳልፏቸው። ጭራ ሥር ያለውን ጠጕር፣ የጫንቃውን መካከል፣ የቀንዱን ሥር፣ ሰኮናውንና ማንኛውንም የቆየ ቁስል ተመልከቱ። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ከተገኘ በመቀስ ቆርጦ ማቃጠል ብቻ ይበቃል።

የኋላ ጠጕር መቁረጥ። ከዝንቡ ወራት በፊት በጭራ ሥርና በጭኖቹ መካከል ያለውን ጠጕር ቁረጡ። በደጋ ብርድ ስላለ በክረምት በጉን በሙሉ መሸለት አይመከርም፤ የኋላውን ብቻ ማሳጠር ግን ሽንትና በጠጥ እንዳይያዝ ያደርጋል፤ በጉንም ለብርድ አያጋልጠውም።

ተቅማጥን ማቆም። መንጋው በባለሙያ ምክር የሆድ ትል መድኃኒት በወቅቱ ይሰጠው። ደረቅ ድርቆሽ ወይም ጭድ የቀመሰ በግ ወደ ለጋው ሣር ሲወጣ ተቅማጡ ይቀንሳል።

ማኮላሸትና ቆዳ የሚቆርጥ ሥራ። የሚሰቡ ሙክቶችን ማኮላሸት፣ ላት መቁረጥና ጆሮ መተልተል ዝንብ በሚያንስበት በደረቁና በቀዝቃዛው ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይደረግ። ማኮላሸት በቡርዲዞ ሲሆን ቆዳው ስለማይቆረጥ ለዝንብ የሚከፈት በር የለም። ይህ መሣሪያ በእንስሳት ጤና ጣቢያዎች ይገኛል፤ በስለት ከመቁረጥና በድንጋይ ከመቀጥቀጥ ይሻላል።

እትብት። ግልገል እንደተወለደ እትብቱ በአዮዲን ይነከር፤ እስኪደርቅም በየቀኑ ይታይ።

መዥገርን ማጥፋት። መዥገር ሲነቀል ትኩስ ቁስል ይተዋል። መዥገሩ ከነበረበት ሥፍራ ደም ካለ አዮዲን ይቀባ።

ንጽሕና። የበረቱ ፍግ በየጊዜው እየተጠረገ ከበረት ራቅ ብሎ ይከመር፤ ሙቀት እንዲይዝና ትሉን እንዲገድል በአፈር ወይም በላስቲክ ይሸፈን። የሞተ እንስሳና የእንግዴ ልጅ በሜዳ ላይ አይጣል፤ ውሻና ጅብ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። በአንድ ሬሳ ላይ የሚራባው አረንጓዴ ዝንብ መንደሩን ሁሉ ይበቃል። ሆኖም ክሪሶሚያ ቤዚያና በሕያው ቁስል ብቻ ስለምትራባ፣ እርሷን የሚያጠፋው የቁስሎች ሁሉ መታከም መሆኑ አይዘንጋ።

፰. ጥንቸል ለሚያረቡ

በከተማና በከተማ አቅራቢያ አንዳንድ ቤተ ሰቦች ለልጆች ማሳደጊያ ወይም ለሽያጭ ጥንቸል ይይዛሉ። ጥንቸል ቆዳዋ ስስ፣ ገላዋ ትንሽ ስለሆነ ትል ከገባባት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ልትሞት ትችላለች። ሕመሟንም አትናገርም፤ አታለቅስም፤ ዝም ብላ ከጥግ ትቀመጣለች፤ መብሏን ትተዋለች። ስለዚህ በሞቃት ወራት በቀን ሁለት ጊዜ ታቅፋ የጭራዋ ሥር፣ የሆዷ ሥርና የጭኖቿ መካከል መታየት አለበት።

ዝንብ የሚይዛት ጥንቸል ብዙ ጊዜ የኋላ አካሏ የቆሸሸ ነው። ጤናማ ጥንቸል ራሷን በምላሷ ታጸዳለች፤ ሌሊት የምታወጣውንም ለስላሳ ኩስ መልሳ ትበላዋለች። በጣም የወፈረች፣ ያረጀች፣ እግሯን ወይም ጥርሷን የሚያማት ግን ጎንበስ ብላ ይህን ማድረግ አትችልም፤ ኩሱ ከጠጕሯ ይጣበቃል። ስለዚህ ዋና ምግቧ ደርቆሽ ይሁን፤ ጎመንና ለጋ ቅጠል እንዲሁም ፉርሽካ በልክ ይሰጣት። የቤቷ ወለል ከመሬት ከፍ ያለና ሽንት የሚያሳልፍ ይሁን፤ የረጠበው ጉዝጓዝ በየቀኑ ይለወጥ፤ መስኮቱ በደቃቅ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ትል ከተገኘባት፣ የሚታየውን ትል በወረንጦ አንሡ፤ ጠጕሯን ለመቁረጥ ስትሞክሩ ቆዳዋ በቀላሉ ስለሚቀደድ እጅግ ተጠንቀቁ። በሙሉ ገላዋ ውሃ ውስጥ አትንከሯት፤ ድንጋጤና ብርድ ይገድሏታል። የቆሰለውን ሥፍራ ብቻ ለብ ባለ የጨው ውሃ ጠርጋችሁ አድርቁና፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ስትይዟት የኋላ እግሯን ደግፉ፤ ከተንፈራገጠች ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ፊፕሮኒል የሚባለው ለውሻ ቁንጫ የሚሰጥ መድኃኒት ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ፈጽሞ አታድርጉባት። ትሉ ወደ ውስጥ ገላዋ የገባና የማትድን ከሆነች፣ ሥቃይ ሳይበዛባት በሐኪም እንድታርፍ ማድረግ ርኅራኄ ነው።

፱. ለልማት ሠራተኞች

1ኛ፤ የማሳያ ትምህርት። በሁለት ጣሳ እኩል ሥጋ አድርጉ፤ አንዱን ክፍት ተዉት፤ ሁለተኛውን በነጠላ ጨርቅ አፉን እሠሩት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገበሬዎቹ ራሳቸው ልዩነቱን ያያሉ። ብዙ ከመናገር ይልቅ ይህ ያሳምናል። ከማሳያው በኋላ ሁለቱም ሥጋ ይቀበር።

2ኛ፤ ናሙና መላክ። ትሉ ወደ ሥጋ የጠለቀ ከሆነ ከቁስሉ ታች ያሉትን ትላልቆቹን ለቅማችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ በሙቅ ውሃ ካደረጋችሁ በኋላ በ80 በመቶ አልኮል ውስጥ በጠርሙስ አኑሩ። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የእንስሳውን ዓይነትና ቁስሉ ያለበትን ሥፍራ ጽፋችሁ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክፍል አስረክቡ። ይህ በሽታ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መዝገብ ከሚገለጡት አንዱ ነው።

3ኛ፤ የከብት ዝውውር። ቁስለኛ እንስሳ ከአገር አገር ሲጓዝ ትሉን ይዞ ይሄዳል። በ1988 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሥጋ በሊ ትል ወደ ሊቢያ ገብቶ ተገኘ። በፊት በአፍሪካ የማይታወቅ ነበር። መንግሥታትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተባብረው ዘር እንዳይሰጡ የተደረጉ ዝንቦችን ከሜክሲኮ በአውሮፕላን እያመጡ በብዙ ሚሊዮን ለቀቁ። ሴቷ ዝንብ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጠቃ ከእነዚህ ጋር የተገናኘችው እንቁላል አልፈለፈለም፤ ትሉም በ1991 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጠፋ። ነገር ግን ጥበቃ ሲላላ ምን እንደሚሆን በመካከለኛው አሜሪካ ታይቷል፤ ይኸው ትል ከ2023 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፓናማ ወደ ሰሜን እንደገና ተስፋፍቶ በ2024 ሜክሲኮ ደርሷል። በእኛም ገበያዎች ቁስል ያለበት እንስሳ ሳይታከም እንዳይሸጥና እንዳይነዳ ማስተማር የልማት ሠራተኛው ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

የዝንብ ትል ከሌሎች በሽታዎች የሚለየው ሥራው በዐይን የሚታይና በእጅ የሚታከም መሆኑ ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ገበሬው ድሃ ስለሆነ ወይም መድኃኒት ስለሌለው ሳይሆን፣ በጉ ሳይታይ ሁለትና ሦስት ቀን ስለሚያድር ነው። መቀስ፣ የፈላ ውሃ፣ ጨውና በየቀኑ የሚመለከት ዐይን ከማንኛውም ቤት አይታጡም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ በመንጋችሁ ትል ሲገኝ ሳታፍሩ ለጎረቤትና ለልማት ሠራተኛ ንገሩ፤ ዝንብ አጥር አያግዳትም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሰኞ ከቀትር በኋላ የተጣለ እንቁላል መቼ ይፈለፈላል? በጎችን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መመልከት የማይበቃው ስለ ምንድን ነው?
2. የተለቀመ ትል መሬት ላይ ቢጣል ምን ይሆናል?
3. ማኮላሸት በኅዳርና በጥር መካከል፣ ያውም በቡርዲዞ እንዲሆን የተመከረው ለምንድን ነው?
4. በቁስል ላይ ላምባ ማፍሰስ ምን ጉዳት ያመጣል?
5. በቀበሌያችሁ ዝንብ የሚበዛው በየትኛው ወር ነው? የኋላ ጠጕር የሚቆረጠውስ መቼ ቢሆን ይሻላል? በቡድን ተወያዩና ቀን ወስኑ።